ስለ ጓሳ ስንመክር ዋልን

ዛሬ መንዝ ውስጥ ስለ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ የወደፊት ዕጣ ከነዋሪው ጋር ስንመክር ዋልን። ልቤ ሞልቷል፤ ጥቂት ልበል።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካርታ መንገዱን፣ የጎብኚ ማረፊያውንና የግጦሽ ወሰኑን በቀለም ለይቶ ያሳያል። አንድ አባት ከዘራቸውን አንሥተው አንዱን ጥግ ነኩና «ይህ ቦታ በበጋም ውኃ አይለየው፤ ከብቱ እዚህ ካልጠጣ የት ይጠጣል?» አሉ። ባለሙያው እስክሪብቶውን አውጥቶ እዚያው ካርታው ላይ ምልክት አደረገ። ለእኔ ምክክር ማለት ይህ ነው።

ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ውርጫም ምድር ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይዞ እዚህ የደረሰው አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ስለጠበቁት ነው፤ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉ፣ ጊዜው ሲደርስ በጋራ ከፍተው ያጭዱ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ሲያፈርሰው ጓሳ ተጎዳ። ታዲያ ባለቤቱን ያላማከረ ዕቅድ እንዴት ይጸናል?

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ዕድል ያገኙትም ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ነው። ማገዶ የሚለቅሙት፣ ውኃ የሚቀዱት እኮ እነርሱ ናቸው! አንዲት እናት «ሣሩ ሲዘጋ ምን እንደምናነድ አብራችሁ ጻፉልን» ብለው ተቀመጡ።

የሚቀጥለው ስብሰባ በየቀበሌው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በሚገኝበት ሰዓት ይሁን፤ ቃለ ጉባኤውም ለሕዝቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የመንዝ ልጆች፣ ስትጠሩ እንዳትቀሩ፤ እናቶቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።