መቻልና ቅቅል ድንች

ሁዳዴ ከገባ ወዲህ የውሻችን የመቻል ደመወዝ ድንች ሆኗል። በፍስኩ ጊዜ ቅቅል እንቁላል ነበር። አሁን ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ስለሆነ እሱም አብሮ ጾሟል። ደግነቱ እኛ ማርቆሶች በድንች አንታማም። ከጮቄ ግርጌ የሚመጣው ድንች ሲቀቀል ፍርክስክስ ይላል፤ ጨው ባይነካውም መቻል ምን ገዶት!

መቻል ቡኒ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ አለው፤ አንድ ጆሮው አልቆምም ብሏል። ዘሩን የሚጠይቁኝ አሉ። የሰፈር ውሻ ነው፣ አለቀ።

መቀመጥን ያስተማርነው በቀላሉ ነው። ድንቿን አፍንጫው ላይ አስጠግቼ ቀስ ብዬ በግንባሩ በላይ ወደ ኋላ ስወስዳት ጭንቅላቱ ይከተላታል፤ ጭንቅላቱ ሽቅብ ሲል ቂጡ በራሱ ጊዜ መሬት ይነካል። በዚያችው ቅጽበት «ጎሽ!» ይባልና ይጎርሳል። መዘግየት አያዋጣም። ተነስቶ ጅራቱን ሲቆላ ካጎረስኩት የተከፈለው ለመነሳቱ ይመስለዋል። ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ እሱም ይሰለቻል፣ የእኔም ድምፅ ይለወጣል።

እኔ የምወደው ግን «ቆይ»ን ነው። ድንቿን መሬት ላይ አስቀምጬ መዳፌን አሳየዋለሁ። መጀመሪያ ዓይኑ ድንቿ ላይ ይተከላል። ለሃጩ በከንፈሩ ጥግ ይዝረበረባል። የፊት እግሩን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ ትንሽ ያለቃቅሳል። ከዚያ ድንገት ድንቿን ትቶ ቀና ብሎ ፊቴን ያያል። እቺን ነው የምጠብቃት። በዱላም በጩኸትም አትመጣም፤ ራሱ አስቦ፣ ራሱ ወስኖ ነው የሚያደርጋት። አንድ እንስሳ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ሲያስብ ማየት እስካሁን አልሰለቸኝም። «እሺ» ስለው ድንቿ የት እንደገባች አይታይም።

እማዬ ነገሩ አይዋጥላትም። «ውሻ ጅብ ካባረረ ምን ጎደለው? አስኳላ ልታስገባው ነው?» ትለኛለች። በእሷ ጊዜ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ ሥራው መጮኽ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ እንግዳን ከሌባ መለየት በምን ይማር? መቻልን ገና ቡችላ ሳለ ነው ጃንጥላ ከያዘ ሰው፣ ጋቢ ከለበሰ ሽማግሌ፣ ከሚንጫጩ ልጆች ጋር ያላመድነው። አሁን የንስሐ አባታችን ሲመጡ ዝም ብሎ ይቀበላቸዋል፤ ሌሊት ጅብ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ደግሞ ሰፈሩን ያነቃል።

ሁላችንም አንድ ዓይነት ቃል እንድንጠቀም ተስማምተን ነበር። እማዬ ግን «ተቀመጥ» ማለት አልሆነላትም። «አረፍ በል» ትለዋለች፣ እንደ ሰው። ቂጣ ይዛ ስለምትለው ቶሎ ለመደው። እናም አሁን እንግዳ መጥቶ እማዬ «አረፍ በሉ» ስትል ከሁሉም ቀድሞ የሚቀመጠው መቻል ነው።

አፉንና እግሩን መነካካት ማስለመዳችን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቀን ጠቀመን፤ መርፌው ሲገባ ፊቴን እያየ ቆመ። በየዓመቱ ይደገማል። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ስለማይድን፣ ልጆቹን የትኛውም ውሻ ቢነክሳቸው ቁስሉ 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ነው የሚኬደው። ጎረቤትም ይህን ይወቅልኝ።

እማዬ ደግሞ «አይዞህ፣ ለፋሲካ ትካሳለህ» እያለችው ነው። እሱን አስቤ ከአሁኑ እየተደራደርኩ ነው። የዶሮው አጥንት አይሰጠውም፤ ሲበስል ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ወጡም ሽንኩርት በሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የበጉ ሳንባና ጉበት ካልተቀቀለ አይሞከርም። በጥሬው ወደ ውሻ የሚገባ፣ ከውሻው ደግሞ ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል አለ። እማዬ ስጨርስ «ታዲያ ምን ቀረው?» አለች። ቅቅል ሥጋ አልኳት። «እኔስ?» አለችኝ።

ያልተቻለን የጋሪ ፈረስ ብቻ ነው። ኮቴ ሲሰማ ድንቹንም «ቆይ»ንም እርግፍ አድርጎ ይረሳል። የሰፈራችን ባለጋሪ ቅዳሜ ፈረሱን ራቅ አድርጎ ሊያቆምልን ተስማምቷል፤ ቀስ በቀስ እየቀረብን እናላምደዋለን። ዋጋው ጠላ ነው። እማዬ ከአሁኑ ጌሾ እየወቀጠች ነው፣ ለውሻ ትምህርት መሆኑን ግን አልነገርናትም።