ጋሪውን ማን አስጎተታት?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ማነጋገር አላሰኘኝም። ታናሽ እኅቴ ግን ለአንድ ሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ ስትሄድ «ብቻዬን አልሄድም» ብላ ስላስቸገረችኝ ተከትያት ወጣሁ። ሰፊዋ ወገቧን ለክታ ልትመዘግብ ስትል እኅቴ «ትንሽ አጥብበሽ ያዢው፤ እስከዚያ ድረስ እከሳለሁ» አለቻት። ሰፊዋም ምንም ሳትገረም ቁጥሩን ቀንሳ ጻፈች። ገና ላልመጣ ወገብ ልብስ ሲታዘዝ ቆሜ ሳይ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን አቅራቢ ኦፕራ ዊንፍሬና ያ ጋሪዋ ትዝ አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጥልፉ ምን እንደተባለ፣ ቀብዱም ስንት እንደተከፈለ አላስታውስም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1988 ነው። ኦፕራ 10 ቁጥር ጂንስና ጥቁር ሹራብ ለብሳ፣ የልጆች መጫወቻ የሆነ ቀይ ጋሪ እየጎተተች ወደ ቴሌቪዥን ፕሮግራሟ መድረክ ወጣች። በጋሪው ላይ 67 ፓውንድ፣ ማለትም 30 ኪሎ ግድም የሚመዝን የእንስሳ ሞራ ተጭኖ ነበር፤ የቀነሰችው ክብደት ይህን ያህላል ለማለት ነው። ልታነሳው ሞክራ ሲያቅታት፣ ይህን ሁሉ በየቀኑ ተሸክማ ትዞር እንደነበር በመገረም ተናገረች፤ ተመልካቹም አጨበጨበላት። እዚያ የደረሰችው አራት ወር ያህል እህል ባፏ ሳይዞር፣ እየተበጠበጠ በሚጠጣ ነገር ብቻ ኖራ ነው። ጾም እንኳ ፋሲካ አለው፤ የእርሷ ግን መግደፉ ራሱ ቅጣት ሆነባትና ወደ ምግብ በተመለሰች በሁለት ሳምንት ውስጥ 10 ፓውንድ መልሳ እንደጨመረች ኋላ ራሷ ተናግራለች።

ስለ ታዋቂ ሴቶች መክሳት ሲወራ ዘወትር የምንሰማው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፦ አንድ የስቱዲዮ አለቃ ወይም የመጽሔት አዘጋጅ «ቀንሺ» ይላል፤ ሴቲቱም እንጀራዋ ነውና ትቀንሳለች። ይህ ውሸት ነው አልልም፤ ተዋናይቷን ጁዲ ጋርላንድን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ኤምጂኤም የተባለው የፊልም ስቱዲዮ የምትበላውን ሳይቀር ይቆጣጠርባት ነበር። ኦፕራ ላይ ስደርስ ግን ስሌቱ እምቢ ይለኛል። ጋሪውን ከመጎተቷ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 1988፣ ሃርፖ የተባለው የራሷ ኩባንያ የፕሮግራሙን ባለቤትነት ተረክቦ ነበርና። መድረኩ የእርሷ ነው፤ በዚያ መድረክ ላይ ምን እንደሚታይ የምትወስነውም እርሷ ናት። ታዲያ በዚያን ዕለት «ቀንሺ» ያላት አለቃ ማን ነበር?

የሌሎቹ እጅም ንጹሕ አልነበረም። ከጋሪው ዘጠኝ ወር በኋላ፣ በኦገስት 1989፣ ቲቪ ጋይድ የተባለው መጽሔት የኦፕራን ጭንቅላት በተዋናይቷ በአን-ማርግሬት ሰውነት ላይ ገጥሞ በሽፋኑ አወጣ፤ ሁለቱንም አላስፈቀደም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያስቀኛልም፣ ያናድደኛልም። ሴትዮዋ ያን ያህል ተርባ፣ ሞራ ጎትታ፣ በአገር ፊት ያሳየችው ገላ ለሽፋን አልበቃም ተባለ ማለት ነው። የገዛ አንገቷን ሰው ላይ ተተክሎ ስታየው ምን ብላ ይሆን?

እኛ ቤት ደግሞ እማዬ በቴሌቪዥን የከሳች ድምፃዊት ካየች «ምን ነካት ይቺ ልጅ፣ ታማ ነው እንዴ?» ትላለች፤ በሚቀጥለው ወር ያችው ልጅ ሞላ ብላ ብትመጣ ግን «ራሷን ጣለች» የሚል ሰው ከዚያው ሶፋ ላይ አይጠፋም። ሁለቱንም የሚሉት በፍቅር ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም እርሱ ነው።

የኦፕራ ጉዳይ በጋሪው አላበቃም። በ2015 የክብደት መቀነሻ መርሐ ግብር የሚሸጠውን የዌይት ዋቸርስን 10 በመቶ ድርሻ ገዝታ የቦርድ አባል ሆነች። በዲሴምበር 2023 ደግሞ ክብደት የሚቀንስ መድኃኒት እንደምትወስድ ገለጸች፤ በእርሷ ክብደት መቀለድ ለ25 ዓመታት የአደባባይ ጨዋታ እንደነበረም ያን ጊዜ ተናግራለች። በ2024 ከኩባንያው ቦርድ የወጣች ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ያን የሞራ ጋሪ ከትልልቅ ጸጸቶቿ መካከል ቆጥራ፣ እርሷም ሆነች ሌላ ሰው ሊጠብቀው የማይችለውን መለኪያ ለተመልካቾቿ እንዳስቀመጠች አመነች። ይህን ማለት ቀላል እንዳልነበረ ይገባኛል። ነገር ግን ጸጸቱን ሁሉ እርሷ ወስዳ ስታበቃ ያጨበጨበው ሕዝብ ምን ቀረው? መጽሔቶቹስ? በዚያን ዕለት ጋሪውን ባትጎትት ኖሮ ያ ሕዝብ በምን ያስታውሳት ነበር?

ይህን ስጽፍ አመሸሁ። ልብ ብዬ ልጽፍ ብዬ ያን የ1988ቱን ምስል ከኢንተርኔት ፈልጌ አወጣሁት። ይህን ሁሉ ፍልስፍና ደርድሬ ሳየው ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ውይ፣ ጂንሱ ሲያምርባት!» የሚል ነበር።