የቃለ ጉባዔው ደብተር

ዛሬም በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ደብተሩ እንደ ልማዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔ ፊት አረፈ። ያዘዘኝ የለም፤ ማዘዝም አያስፈልግ። ከተቀጠርኩ ወዲህ ያለው ቃለ ጉባዔ በሙሉ የእኔ ጽሑፍ ነው። «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ይሉኛል። ሐሰት ነው፤ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን መገልበጥ ያቃታቸው ተማሪዎቼ ይመስክሩ።

ክፋቱ የገባኝ የኮርስ ድልድል በተደረገ ቀን ነው። የሰው ንግግር የሚጽፍ ሰው የራሱን አይናገርም። አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ ሦስት ኮርስ ተሰጠኝ፤ አንዱ የማታ ነው። ከታች «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ተማሪዎቼን አልቀየማቸውም። ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በዚያ ቋንቋ «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ ስለሆነ፣ አማርኛው አምልጧቸው «አንተ» ቢሉኝ እስቃለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ እንደ እኔው ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ወንድ ባልደረባዬ «ዶክተር» ሲባል እኔ በስሜ እጠራለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አንጋፋ መምህርት እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ጋበዙኝ። እሳቸው ያኔ በነበረው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሠረት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አርፈው ሲመለሱ፣ ሲያስተምሩት የኖሩት ኮርስ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቃቸው። ያን ጊዜ በቁጣ ተናገሩ፤ ኮርሱ ሳይመለስ «ቁጡ» የሚለው ስም ቀረ። ስለ ደብተሩ ስነግራቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «እምቢ አትበይ፤ ተራ ነው በይ። ሴት እምቢ ስትል ጠባይዋ ይወራል፤ ተራ ግን ጠባይ የለውም» አሉኝ።

ዛሬ ቀኑንና የተገኙትን አባላት ስም ጻፍኩና ደብተሩን አጠገቤ ወደተቀመጡት መምህር ገፋ አደረግሁት። «ዛሬ የእርስዎ ተራ ነው።» ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው የኮታቸውን ኪስ በሙሉ ዳበሱ፤ እስክሪብቶ አልያዙም። የእኔን ሰጠኋቸው።

እጄ ባዶ ሲሆን የልቤን አወጣሁት። የማታው ክፍል የሚያልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በጅማ ዝናብ በዚያ ሰዓት ባጃጅ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል፤ ስለዚህ ይህም በተራ ይሁን አልኩ። «ይታያል» ተባለ። ይታያል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ!

ከስብሰባው በኋላ ደብተሩን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ያን ሁሉ ንግግሬን በአንድ መስመር ጨርሰውታል፦ «መምህርቷ የማታውን ክፍል በተመለከተ ሐሳብ አቅርበዋል።» አቅርበዋል! እስክሪብቶዬን ግን አልመለሱልኝም።