አፈር ላይ የሚሮጡት መኪኖች
ዛሬ ጂማ፣ አጂፕ አካባቢ ከአጋሮ የመጣች ቡና ጫኝ ፒካፕ የኋላ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ስንፈታ ዋልን። ሻይ ላይ ረዳቴ በስልኩ የአሜሪካ የአፈር ሜዳ ውድድር ያሳየኛል። "ጋሼ፣ መኪናው ወደ ግራ እየዞረ መሪው ለምን ወደ ቀኝ ነው?"

ጎሽ! እነዚያ መኪኖች የሚዞሩት ወደ ግራ ብቻ ነው። የኋላ አክስሉን፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የያዘውን ብረት፣ ከሻሲው (ከመኪናው አጽም) ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች የፊት ጫፋቸው የሚታሰርበት ቀዳዳ አንድ አይደለም፣ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። የግራውን ዘንግ ከፍ ባለው ቀዳዳ ካሰርከው፣ ኩርባ ላይ ቦዲው በግራ ሲነሳ የግራውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት ይስበዋል። አክስሉ ራሱ መሪ ሆነ ማለት ነው፤ ኋላው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሹፌሩም መሪውን ወደ ቀኝ ይመልሳል። ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ ያው ዘንግ ሻሲውን ወደ ላይ ይገፋል፣ ጎማው አፈሩን ይነክሳል። አንድ ብሎን ፈትቶ በማሰር የመኪና ጠባይ መለወጥ! ቀናሁ፣ አልዋሽም።

የእኛዋ ባሌስትራ የፊት ጫፉ የሚታሰርበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ ምርጫ የለም። ግን እሱም ጭነት ሲተኛበት ይዘረጋና አክስሉን ትንሽ ወደ ኋላ ይገፋል።

ልጁ ከሥር ገብቶ አየና "ታዲያ እኛም ቀዳዳ እንጨምርላት?" አለ። የመኪናው ባለቤት ሻዩ ትን አለው።