ለብቻ የማይሞቅ ክምር

ኮምፖስት፣ ማለትም ከልጣጭና ከቅጠል የሚሠራ ብስባሽ፣ የጀመርኩት ለጎመን ብዬ ነው። ጎንደር አዘዞ ያለው ጓሮዬ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ከእግር ይነጥቃል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። ዩሪያ ስበትንበት ጎመኑ ለጥቂት ሳምንት ይለመልምና መሬቱ ሲደርቅ አብሮ ይጠወልጋል።

ኮምፖስት ዩሪያን ይተካል ሲባል እሰማለሁ። በናይትሮጅን ከሆነ አይተካም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ኮምፖስት ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢኖረው ነው። የእሱ ሥራ ሌላ ነው። ዋልካውን ያላላል፣ ውሃ ይዞ ያቆያል፣ ለትሉም ቀለብ ይሆናል። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

ከማድቤት የሚወጣው ነገር አያልቅም። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ በየቀኑ የቡና አተላ። ችግሩ ሁሉም እርጥብ ነው። እርጥብ ብቻውን ሲከመር ይሸታል እንጂ አይበስልም። ብስባሹን የሚሠሩት ረቂቅ ነፍሳት ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋሉ። ካርቦኑ ደግሞ በብዛት ያለው ደረቁ ነገር ውስጥ ነው። በእኔ አለካክ፣ ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ሲገባ ነው ሽታው የሚጠፋው።

ታዲያ ደረቁ ከየት ይምጣ? የጤፍ ጭድ አይታሰብም። የከብት መኖ ነው፣ ለቤት ምርጊትም ይፈለጋል፣ ዋጋውም እንደዚያው። እበቱም ኩበት ሆኖ ምጣድ ሥር ይገባል። ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት በነፃ ይሰጡኛል፤ ብቻውን ከገባ ግን ይጠቀጠቅና አየር ይዘጋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም፤ ከእሱ ጥቂት ብቻ። ከበዓል ማግስት የሚጠረገው ቄጠማ ግን እሰየው ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ሙቀት ነው። ክምር በደንብ እንዲሞቅ ቁመቱም ወርዱም ርዝመቱም አንድ አንድ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ሙቀቱን መያዝ አይችልም። ሙቀቱን የማየው በዱላ ነው። መሃሉ ላይ ተሰክቶ ይቆያል፤ ሲመዘዝ ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። የእኔ ዱላ ሁሌም ቀዝቃዛ ነበር። የአንድ ቤት ልጣጭ በየቀኑ ጠብ ጠብ እያለ ስንት ጊዜ ቆይቶ አንድ ሜትር ይሞላል?

ጎረቤት የገባበት በዚህ ምክንያት ነው። እድር ላይ ተነሥቼ ንግግር አላደረግሁም፤ አካባቢ ጥበቃ ምናምን አላልኩም። ጠዋት ጠዋት ጠርገው ከሚያቃጥሉት ቅጠል ልለምን ሄድኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ደሞ ቆሻሻ ለቀማ ጀመርሽ?» አሉኝ ማዶ ያሉት እማማ።

«ኧረ እማማ፣ ቅጠሉን ብቻ ነው።»

«ውሰጂው ልጄ። ጭሱ ዓይኔን ጨርሶታል።»

ከቅጠሉ በኋላ ልጣጩም መጣ። ከልጣጩ ጋር ፌስታል፣ የክዳን ብረት፣ አንዴም የሕፃን ዳይፐር። ሰው አንድን ቦታ ቆሻሻ መጣያ ነው ካለ ሁሉንም ይጥልበታል። ማስታወቂያ መለጠፍ ምንም አልፈየደም። የፈየደው አንድ ደንብ ነው፦ ማንም በባልዲ አምጥቶ፣ በገዛ እጁ ገልብጦ፣ ባልዲውን ይዞ ይመለሳል። በር ላይ አስቀምጦ መሄድ የለም። ሰው እያየው ዳይፐር የሚገለብጥ የለም።

ሁለተኛው ደንብ የመጣው በጅብ ነው። ሁዳዴን ሙሉ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ ክምሩም ንጹሕ ነበር። ፋሲካ ሲመጣ አጥንቱና የወጡ ትራፊ ተከተለ። ቀን ውሻ ቆፈረው፣ ማታ ጅብ በተነው። አሁን ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት የነካው ነገር አይገባም። የእንቁላል ቅርፊት ተፈጭቶ ይገባል።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ ጡረታ የወጡ ሳኒታሪያን፣ የንጽሕናና የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ናቸው። በ1940ዎቹ በተከፈተው በጎንደር ጤና ኮሌጅ የተማሩ ሰዎች ዝንብን እንደ ግል ጠላት ያያሉ። ጋሼም መጀመሪያ ሊያዘጉን ነበር የመጡት። ኋላ ግን ዋናው ተቆጣጣሪ ሆኑ። እርጥብ ነገር በተጣለ ቁጥር ወዲያው በደረቅ ቅጠልና በጭብጥ አፈር ይሸፈናል፤ ይህ የእሳቸው ሕግ ነው። መሃሉ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለቀናት ከቆየ አብዛኛው ተባይና የአረም ዘር ይሞታል። የክምሩ ዳር ግን አይሞቅም፤ ስለዚህ ውጪው ወደ ውስጥ፣ ውስጡ ወደ ውጪ ይገለበጣል። ቅንጨ አረም ግን አበባ ካወጣ ጋሼ ጭራሽ አያስገቡም፣ ሲነቀልም ያለ ጓንት አይነካም። ቆዳ ያሳክካል።

ወቅቱም የራሱ ሥርዓት አለው። በጋ ላይ ጉድጓድ ይሻላል፤ እርጥበት ይይዛል። ክረምት ላይ ያው ጉድጓድ ኩሬ ይሆንና አየር አጥቶ ይገማል። ስለዚህ ከሰኔ ጀምሮ መሬት ላይ አገዳ ደልድለን ከላዩ እንከምራለን፣ ሸራም እናለብሰዋለን። የበጋው ፈተና ውሃ ነው። ቧንቧው በፈረቃ ሲመጣ ማን ለቆሻሻ ውሃ ይሰጣል? ምስርና ድንች የታጠበበት ውሃ እዚያ ይደፋል። የሳሙና እጣቢ አይገባም። የክምሩ እርጥበት ልክ የሚሆነው በእጅ ተጨብጦ ሲጨመቅ ጠብታ ቢወጣው ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ከተበተነ አንሷል።

ኮምፖስቱ መድረሱን በመልክና በጠረን ብቻ ማወቅ አይቻልም። አንዷ ጎረቤቴ ጠቁሯል ብላ ቃሪያ ችግኝ ላይ ጨመረችው፣ ችግኙ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ፌጦ እንዘራበታለን። ለሆድ ቁርጠት በየቤቱ የሚቀመጠው ፌጦ በላብራቶሪም ለዚሁ ፈተና የሚያገለግል ዘር ነው። በቀናት ውስጥ ይበቅላል። አረንጓዴ ሆኖ በእኩል ከወጣ ኮምፖስቱ ደርሷል። ቢጫ ከተቀላቀለበት ወይም ሳይበቅል ከቀረ ገና ነው።

የከበደኝ ግን መካፈሉ ነው። ማን ስንት ባልዲ አመጣ ብለን ለመመዝገብ ሞክረን ነበር፤ ደብተሩ ከክምሩ በላይ ሸተተ። ተውነው። አሁን የሚገለብጥ ሰው ቀድሞ አንድ ጆንያ ይሞላል፣ የቀረው ለመጣ ሁሉ ነው። መገልበጥ ወገብ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ማንም አላጉረመረመም። እማማ አይገለብጡም፤ እሳቸው ቡና ያፈላሉ፣ ለጌሿቸውም ይወስዳሉ። ይገባቸዋል።

መጀመር ላሰበ ሰው፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው ምርጡ ጊዜ። ሣሩ ገና እርጥብ ነው፣ አረሙ ሞልቷል፣ ዝናቡ ቆሟል። በዚያን ጊዜ የተከመረ፣ እየተገለበጠና ውሃ እያገኘ ከቆየ፣ ለሰኔ ተከላ ሳይቸኩል ይደርሳል። ደረቁን ቅጠል ግን ቀደም ብሎ በጆንያ ማጠራቀም ነው፤ ልጣጩ በኋላም አይጠፋም።