የብሎኑ ዋጋና የጥርሱ ዋጋ

በ2010 ዓ.ም. የታችኛው ቀኝ መንጋጋ ጥርሴ መግል ይዞ ጉንጬ ባበጠ ጊዜ፣ ሐኪሙ ሁለት ምርጫ አቅርቦልኝ ነበር። አንደኛው የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ፣ ሥሩን አጽድቶና ሞልቶ በላዩ ክራውን፣ ማለትም ጥርስ መሳይ ሽፋን፣ ማልበስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማስነቀል ነበር። ማስነቀሉ እጅግ ርካሽ ስለ ነበረ የመምህርነት ደመወዜንና የወሩን ወጪ አስልቼ አስነቀልሁት። በ2017 ዓ.ም. ያንኑ ጥርስ በኢምፕላንት፣ ማለትም በአጥንት ውስጥ በሚቀበር ብሎን ላይ በሚቆም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለመተካት እዚሁ ባሕር ዳር ዋጋ ማጠያየቅ ስጀምር ግን፣ ያን ጊዜ ውድ ነው ብዬ የተውሁት ሕክምና አሁን ከምጠየቀው ጋር ሲተያይ ቀላል እንደ ነበረ ተረዳሁ። ጥርሳችሁን ለማስነቀል ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ "ይህ ጥርስ ሊድን ይችላል ወይ?" ብላችሁ እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ የነገረኝ ዋጋ አስደነገጠኝ። ሁለተኛው የዚያን ግማሽ ያህል ስለ ጠራልኝ ደስ ብሎኝ ቅድመ ክፍያ ልከፍል ስል፣ ገንዘብ ያዧ "ክራውኑ ለብቻው ነው" አለችኝ። ቀጥዬ ስጠይቅ ራጁም ለብቻው፣ ማገናኛውም ለብቻው፣ አጥንት መጨመር ካስፈለገ እርሱም ለብቻው መሆኑን ሰማሁ። ሁሉንም በወረቀት ላይ ስደምረው ከመጀመሪያው ክሊኒክ ዋጋ አለፈ። የመጀመሪያው የነገረኝ የጥርሱን ዋጋ ነበር፤ ሁለተኛው ግን የብሎኑን ብቻ። አንድ ታካሚ "ኢምፕላንት ስንት ነው?" ሲል የሚያኝክበትን ጥርስ ማለቱ እንደሆነ የማይረዳ ክሊኒክ ስለሌለ፣ በዚህ አሠራር እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ኢምፕላንት የሚባለው በጥቅሉ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀበር፣ ብዙውን ጊዜ ከታይታኒየም የሚሠራ ብሎን ነው። ሁለተኛው ብሎኑን ከላዩ ጥርስ ጋር የሚያያይዘው ማገናኛ፣ ሐኪሞች አባትመንት የሚሉት ነው። ሦስተኛው በጥርስ ላብራቶሪ የሚሠራውና ስንስቅ የሚታየው ክራውን ነው። ከነዚህ ሌላ የምርመራው፣ የቀዶ ሕክምናው፣ የልኬቱና የክትትሉ ዋጋ አለ። አሁን ዋጋ ለመጠየቅ የምሄድበትን ክሊኒክ ሁሉ፣ ለቢሮ ዕቃ ግዢ እንደምናደርገው፣ እነዚህን አንድ በአንድ የዘረዘረ ፕሮፎርማ እጠይቃለሁ። በዚያ ላይ ደግሞ "ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር ሳይዋሐድ ቢቀር እንደገና የምትተክሉት በማን ወጪ ነው?" የሚለውን ጥያቄ ጨምሬ መልሱን በጽሑፍ እቀበላለሁ። ከፍ ያለ መስሎ የታየኝ ዋጋ ርካሹ ሆኖ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው።

የብር አሃዝ እዚህ ያልጻፍሁት ሆን ብዬ ነው። ብሎኑም ማገናኛውም፣ አብዛኛው የክራውን መሥሪያ ዕቃም ከውጭ በዶላር ወይም በዩሮ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ባለፈው ዓመት የሰማችሁት ዋጋ ዘንድሮ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። የሐኪሙ እጅ ሥራ በብር የሚተመን ስለሆነ ስለ እርሱ መነጋገር ይቻላል፤ በብሎኑ ዋጋ ላይ ግን የክሊኒኩ ባለቤት ራሱ ብዙ ሥልጣን የለውም።

ዋጋውን ከሁሉ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ግን ብሎኑ የሚቀመጥበት አጥንት መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ጥርስ ሲነቀል፣ ያን ጥርስ ይዞ የነበረው አጥንት ሥራ እንዳጣ ያህል እየሳሳ ይሄዳል። ጥናቶች እንደሚያሳዩት የመንጋጋ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ባሉት 12 ወራት የአጥንቱ ስፋት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚያም አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። እኔ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ። የላይኛው መንጋጋ ሲሆን ከጥርሱ በላይ የአየር ክፍተት፣ የታችኛው ሲሆን ደግሞ ከሥሩ የሚያልፍ የከንፈርና የአገጭ ስሜት የሚሸከም ነርቭ ስላለ፣ አጥንቱ ባነሰ ቁጥር ብሎኑን በደኅና የሚያስቀምጡበት ቦታ ይጠብባል። ያኔ አጥንት መጨመር የሚባለው ሥራ ይመጣል፤ እርሱም ራሱን የቻለ ቀዶ ሕክምና፣ ራሱን የቻለ ዋጋና ብዙ ወራት የሚፈጅ ጥበቃ ነው።

ለእኔም አንዱ ክሊኒክ በተራ ራጅ ብቻ አይቶ "አጥንት መጨመር አለብዎት" ብሎኝ ነበር። በዚህ ጊዜ በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየውን፣ ለመንጋጋ ተብሎ የተሠራውን ሲቲ ራጅ ተነሥቼ ፋይሉን በፍላሽ ተቀበልሁ። ፋይሉ የታካሚው ነው፤ ጠይቁ፣ ይሰጣችኋል። ያንን ይዤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ፣ ወጣቱ ዶክተር በኮምፒዩተሩ ላይ ከነርቩ በላይ ያለውን ቁመት በሚሊ ሜትር እየለካ አሳየኝና፣ "ረጅም ብሎን ካልሆነ አይሆንም ካልን አጥንት መጨመር ያስፈልግዎታል፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ግን ያለ ምንም ጭማሪ ይበቃዎታል" አለኝ። አጫጭር ብሎኖች ለኋላ ጥርሶች በቂ ሆነው እንደሚያገለግሉ በኋላ አንብቤ አረጋገጥሁ። ለዚያ ራጅ የከፈልሁት ገንዘብ ከራጁ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ወጪ አስቀረልኝ። ለሁሉም ሰው እንዲሁ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ አጥንቱ በጣም ከሳሳ ያለ ጭማሪ የተቀመጠ ብሎን ስለሚወድቅ፣ ሐኪሙ ያስፈልጋል ካለና በምስሉ ላይ ካሳያችሁ እሺ በሉት። በዓይን ሳያሳዩአችሁ ግን አትክፈሉ።

የጥበቃውን ነገር በተመለከተ አንድ ታሪክ እዚህ ማንሣት ይገባኛል። በ1952 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ የአጥንትን መዳን ለማጥናት በጥንቸል እግር ውስጥ ትንሽ የታይታኒየም ዕቃ ያስገባል። ጥናቱን ጨርሶ ሊያወጣው ሲሞክር አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ አልለቅ አለው። በ1965 በጎተንበርግ ለመጀመሪያው ሰው የተተከለለት ብሎን ሰውየው እስካረፈበት እስከ 2006 ድረስ፣ ማለትም ከ40 ዓመት በላይ አገልግሏል። ኢምፕላንት የሚጸናው በሲሚንቶ ሳይሆን የገዛ አጥንታችን በብሎኑ ዙሪያ ሲያድግ ነው፤ ይህም እንደ ቦታው በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ጥበቃው ለኪሴ እንደሚጠቅም አስተዋልሁ፤ የብሎኑን ዋጋ በተከላው ቀን፣ የክራውኑን ደግሞ ከአምስት ወር በኋላ ለመክፈል ተስማምቼ፣ የመምህራን ዕቁባችን ዕጣ የሚደርሰኝን ወር ከሁለተኛው ክፍያ ጋር አገጣጠምሁት። በክራውኑም ቢሆን፣ ከሁሉ ኋላ ላለ መንጋጋ ከውስጥ ብረት ሆኖ ከላይ በሸክላ የተሸፈነው ዓይነት በቂ ሲሆን፣ ዚርኮኒያ የሚባለውን ውድና ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ የግድ መምረጥ አላስፈለገኝም። ለፊት ጥርስ ቢሆን ግን ምርጫዬ ይለይ ነበር።

እናቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። የታችኛው መንጋጋዋ ላይ አንድም ጥርስ አልቀረላትም፤ ሰው ሠራሹ ጥርሷም ስታወራም ስትበላም እየተነሣ ስላስቸገራት፣ ቆሎ ከተወች ዓመታት አልፈዋል። የእኔን ሕክምና ስታይ "ለእኔም አሥራ አራት ብሎን ይተከልልኝ ማለት ነው?" ብላ ጠየቀች። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ ጥርስ ለሌለው ታችኛ መንጋጋ በሁለት ብሎን ላይ የሚያዝ ተነቃይ ጥርስ የመጀመሪያ ምርጫ እንዲሆን ተስማምተዋል። ጥርሱ እንደ ቁልፍ "ቀጭ" ብሎ በሁለቱ ብሎኖች ላይ ይያዛል፤ ማታ ወጥቶ ይታጠባል። ደኅና ሆኖ የተሠራ ነባር ጥርስ ካለ አንዳንድ ጊዜ እርሱኑ አስተካክሎ ከብሎኖቹ ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ለእናቴም የተደረገው ይኸው ነው። ዶክተሩ "እማማ፣ አዲስ ጥርስ አያሠሩም፤ ይኸው የርስዎ ይበቃል" ሲላት እጁን ልትስም ተነሥታ ነበር። ክፍያውም የዘጌ ቡናዋ ከተሸጠ በኋላ እንዲሆን ተስማምተናል።

ደግሞ የጎደለ ጥርስ ሁሉ የግድ መተካት አለበት ማለት አይደለም። የመጨረሻው መንጋጋ ብቻ ከጎደለና የቀሩት ጥርሶች በደንብ የሚገጥሙ ከሆነ፣ ብዙ ሰው ምንም ሳይተካ ተመችቶት ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማኘክና ለመናገር በቂ ነው ብሎ በመለኪያነት የያዘው 20 የተፈጥሮ ጥርስ ነው። ግራና ቀኙ ያሉት ጥርሶች ቀድሞውንም በሰፊው የተሞሉ ወይም ክራውን የሚያስፈልጋቸው ከሆኑ ብሪጅ፣ ማለትም በሁለቱ ጎረቤት ጥርሶች ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሞላ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ ጎረቤቶቹ ጤነኞች ከሆኑ ግን ለብሪጅ ብሎ እነርሱን መሞረድ የማይመለስ ጉዳት ስለሆነ ለእኔ አልተዋጠልኝም።

አዲስ አበባ ሄዶ ማሠራት ይሻላል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ምናልባት ከበድ ላለ ሥራ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ኢምፕላንት ለምርመራ፣ ለተከላ፣ ስፌት ለማስወጣት፣ ለልኬትና ለክራውን መግጠሚያ ቢያንስ አራትና አምስት ጊዜ ስለሚያስኬድ፣ የመጓጓዣውን፣ የአልጋውንና ከሥራ የምትቀሩበትን ቀን ሳትደምሩ ዋጋ አታነጻጽሩ። የግድ የምትሄዱ ከሆነ፣ ስፌቱን እዚህ ለማስወጣት ከሁለቱም ሐኪሞች ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም ሰው ሠራሽ ጥርስን ስለማይሸፍን በዚያ ተስፋ አድርጋችሁ ቀጠሮ እንዳትይዙ።

ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ያልነካሁት ነገርም አለ። ስማቸው የማይታወቅ ብሎኖችን ከውጭ በሚመጣ ሰው አስልኮ ለሐኪም መስጠት የሚያዋጣ መስሎ ይታያል፤ ይሁን እንጂ የእያንዳንዱ አምራች ብሎን የራሱ መሰርሰሪያ፣ የራሱ መፍቻና የራሱ ማገናኛ ስላለው፣ ሐኪሙ የሌለውን ዓይነት ይዞ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ማገናኛው ቢላላ መለዋወጫው መገኘት አለበት። ስለዚህ በብሎኑ ማሸጊያ ላይ ያለውን፣ የአምራቹን ስም፣ ውፍረቱን፣ ርዝመቱንና የምርት ቁጥሩን የያዘውን ተለጣፊ ወረቀት ተቀብዬ ከትምህርት ማስረጃዎቼ ጋር አስቀምጫለሁ። የእናቴንም ሁለት ተለጣፊዎች ከዚያው ጋር አያይዤአለሁ።

ከተከላው በፊት ድዴን ማሳጠብ ነበረብኝ፤ የታመመ ድድ ባለበት አፍ ውስጥ የተተከለ ብሎን በዙሪያው ያለውን አጥንት ሊያጣ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ስኳራችሁን ሳታስተካክሉ፣ ሲጋራ የምታጨሱም ሳታቆሙ ብትተክሉ ብሎኑ የመውደቅ ዕድሉ ይጨምራል፤ የወደቀ ብሎን ደግሞ ሁለት ጊዜ የተከፈለበት ብሎን ነው። ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው የመድኃኒቱን ስም ጽፎ ለሐኪሙ ሳያሳይ ጥርሱን እንኳ ማስነቀል የለበትም።

የእኔ ክራውን ከተገጠመ ስምንት ወር ሆኖታል። በየስድስት ወሩ ጥርሴን ክሊኒክ ሄጄ አሳጥባለሁ፤ የዚህም ዋጋ በዓመቱ በጀቴ ውስጥ ገብቷል። እናቴ ባለፈው ቅዳሜ በጀልባ መጥታ፣ ጥርሷን የሚይዙት ሁለቱ የላስቲክ ቀለበቶች መላላት ስለ ጀመሩ ተቀየሩላት። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ከዚያ ከወደቡ አጠገብ ተቀምጠን ከቦርሳዋ ያወጣችውን የገብስ ቆሎ አብረን በላን።