«እዚያ አገር ጎረቤት አለ?»

ስቫልባርድ ልሄድ ነው ብዬ ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ስለ ብርዱ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። «እዚያ አገር ጎረቤት አለ?» አለችኝ። ሳቅኩ። ጥያቄው ግን ጉዞውን ሁሉ ተከትሎኝ ሄደ።

ጊዜው ኦገስት 2019 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከኦስሎ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን። ደሴቶቹ የኖርዌይ ናቸው፣ ግን ከሸንገን (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል) ውጪ ስለሆኑ ስትወጣ ፓስፖርትህን ታሳያለህ። ለመሄድ ለምታስቡ አንድ ነገር ልናገር፦ ስቫልባርድ ራሱ ቪዛ አይጠይቅም፣ ነገር ግን የምታልፉት በኖርዌይ ስለሆነ የሸንገን ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ሁለቴ የሚያስገባ መያዝ አለበት። አለበለዚያ መመለሻው ላይ ጉድ ነው።

የደሴቶቹ ዋና ከተማ ሎንግየርቢየን ትንሽ ናት። ሁለት ሺህ ምናምን ሰው፣ አንድም ዛፍ የለም። ሆቴል ስትገባ ጫማህን በር ላይ ታወልቃለህ፤ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ጥቁር አቧራ ይዘው እንዳይገቡ የተጀመረ ልማድ ነው አሉ። ፀሐይዋ አትጠልቅም። መጋረጃውን ዘግቼም እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በሁለተኛው ቀን አስጎብኚያችን፣ አንዲት ወጣት ኖርዌያዊት፣ ከከተማው ወጣ ባለው ሸለቆ መኪናዋን አቁማ ወደ ምሥራቅ ጠቆመች። «ያ ኦፔራፊየሌት ነው።» ተራራው ጭንቅላቱ ላይ ደመና ጠምጥሟል። ኦገስት 29 ቀን 1996 ከሞስኮ የመጣ ቱፖሌቭ 154 አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል እዚያ ላይ ተጋጨ። 141 ሰው፣ አንድም የተረፈ የለም። እስከ ዛሬ በኖርዌይ መሬት ከደረሱት የአውሮፕላን አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። አብዛኞቹ እዚሁ ደሴት ላይ ባሉት የሩሲያ ማዕድን መንደሮች የሚሠሩ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን፣ እንዲሁም ቤተሰቦቻቸው ነበሩ።

እኔን የያዘኝ የምክንያቱ ነገር ነው። አብራሪዎቹ ማኮብኮቢያውን በሌላው አቅጣጫ ለመጠቀም ጠይቀው ነበር፣ ግን በእንግሊዝኛው ሳይግባቡ ቀሩ። የሎንግየርቢየን ማማ መረጃ ይሰጣል እንጂ አውሮፕላን አያዝም፤ እነሱ ግን በለመዱት አሠራር የሚያዛቸው ሰው ያለ መስሏቸዋል። ከዚያ በደመና ውስጥ መስመራቸውን ሳቱ። ኖርዌይ ስመጣ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ቃል በትክክል ሳልሰማ ቀጠሮ ስቼ፣ ሰውም አስቀይሜ አውቃለሁ። የእኔ ስህተት ዋጋው አንድ ይቅርታ ነበር።

ተራራው ላይ የሞቱት የሩሲያ መንደሮች ሰዎች፣ መሬቱ ደግሞ የኖርዌይ። ታዲያ አስከሬኑን ማን ያንሳ፣ ማንስ ይመርምር? እ.ኤ.አ. በ1920 ፓሪስ ላይ የተፈረመው ውል ግዛቱን ለኖርዌይ ይሰጥና፣ ለፈራሚዎቹ አገሮች ዜጎች ግን እኩል የመኖርና የመሥራት መብት ያስጠብቃል። ስለዚህ ሥራውን የመራው ኖርዌይ በስቫልባርድ የሾመችው ገዢ ጽሕፈት ቤት ነው። ሩሲያውያንም አብረው ሠሩ። አስከሬኖቹ ማንነታቸው እንዲለይ ወደ ሰሜን ኖርዌይዋ ከተማ ትሮምሶ ተወሰዱ። ምርመራውን የኖርዌይ ኮሚሽን ሲያካሂድ የሞስኮዎቹ የአቪዬሽን መርማሪዎች አገዙ። ወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ዳገቱን ቆሜ ሳየው ግን አልመሰለኝም።

በማግስቱ በመርከብ ከሩሲያ ማዕድን መንደሮች ወደ አንዷ፣ ወደ ባረንትስቡርግ ሄድን። ከሎንግየርቢየን ወደዚያ የሚወስድ መንገድ የለም፤ በበጋ ጀልባ፣ በክረምት የበረዶ ሞተር፣ ካልሆነ ሄሊኮፕተር። ያመጣሁትን ዳቦ ቆሎ ለአስጎብኚዋ ዘረጋሁላት፣ «ይህ የማዕድን ሠራተኛ ስንቅ ነው» ብላ እፍኝ ሙሉ ወሰደች። ከጥርስ ጋር የሚታገል ስለሆነ መሰለኝ።

ባረንትስቡርግ ስትደርስ ረጅም የእንጨት ደረጃ ነው፣ ከዚያ ሌኒን። አዎ፣ ሐውልቱ አሁንም ቆሟል። ከሐውልቱ ይልቅ ግን ቀልቤን የወሰደችው አንዲት ትንሽ የእንጨት ጸሎት ቤት ናት። ለ1996ቱ ሟቾች መታሰቢያ የተሠራች ናት። በሩ ዝግ ነበር። እኔም እንደ አገሬ ሰው ከውጭ ተሳለምኩ። አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት የገበያ ከረጢቷን መሬት አስቀምጣ አየችኝና እሷም አማተበች፣ ከቀኝ ወደ ግራ። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ምንም አልተባባልንም። ከረጢቷን አንስታ ሄደች።

ከመንደሩ ትንሽ ወጣ ብሎ ሄሮደን የሚባል የሄሊኮፕተር ማረፊያ አለ። ኦክቶበር 2017 ላይ ከፒራሚደን፣ ከሌላዋ የሩሲያ መንደር፣ የተነሳ የሩሲያ ሚ-8 ሄሊኮፕተር እዚያ ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው ባሕር ውስጥ ገባ። ስምንት ሰው ነበረበት። የኖርዌይ ሄሊኮፕተሮችና መርከቦች ወዲያው ወጡ፤ ከሩሲያም የነፍስ አድን ቡድን ጠላቂዎቹን ይዞ በአውሮፕላን ሎንግየርቢየን አረፈና አብሮ ፈለገ። ስብርባሪው 209 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኘ። የአብዛኞቹ አስከሬን ግን አልተገኘም። አስጎብኚዋ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ቀነሰ። ከሁለት ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው፣ መንደሩ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅበት።

ከተመለስኩ በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ፣ ለካስ ነገሩ የቆየ ነው። ኖርዌይና ሶቪየት ኅብረት በባረንትስ ባሕር ነፍስ ለማዳን የተዋዋሉት በ1956 ነው፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል! በ2011 ደግሞ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ያሉት ስምንቱ የአርክቲክ ካውንስል አገሮች፣ አሜሪካና ሩሲያም ጭምር፣ ግሪንላንድ ውስጥ ኑክ ላይ የፍለጋና የነፍስ አድን ስምምነት ፈረሙ። ባሕሩን ተከፋፈሉት፤ የኖርዌዩ ድርሻ ቡደ ከተማ ካለው የነፍስ አድን ማዕከል እየታየ እስከ ሰሜን ዋልታ ይደርሳል፣ ሩሲያውያኑ ከሙርማንስክ ይመልሳሉ። ትልቅ ፍቅር ይዟቸው አይመስለኝም። እዚያ ላይ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚቆየው ደቂቃዎች ነው፣ የሄሊኮፕተር ነዳጅ ደግሞ ልክ አለው። ቅርብ ያለው መሄድ አለበት፣ አለቀ።

ከዚያ 2022 መጣ። የዩክሬን ጦርነት። ከባረንትስቡርግ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ከምሥራቅ ዩክሬን፣ ከዶንባስ የመጡ ሰዎች ስለሆኑ እዚያች ደረጃ ላይ ምን ዓይነት ሰላምታ እንደቀረ አስቡት። ከሩሲያ በቀር ሰባቱ አገሮች የአርክቲክ ካውንስሉን ሥራ አቆሙ። በዚያው በጋ ለመንደሩ የሚሄዱ ኮንቴይነሮች፣ ምግብም ነበረባቸው፣ በማዕቀቡ ምክንያት በኖርዌይና ሩሲያ ድንበር፣ ስቱርስኮግ ላይ ቆመው ሞስኮና ኦስሎ ተነጋገሩ፣ ተካሰሱ፣ በመጨረሻ ጭነቱ በኖርዌይ መኪና አለፈ። የቡደና የሙርማንስክ መስመር ግን አልተዘጋም። ሌላው ሁሉ ሲቆረጥ እሱን ሆን ብለው ተዉት።

አስጎብኚዋ ጋር አሁንም አልፎ አልፎ እንጻጻፋለን። የእሷ መርከብ ባረንትስቡርግ መቆም ትታለች፤ ለቱሪስቶቹ መንደሩን ከውሃው ላይ ነው የምታሳያቸው።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ዝም አለችና «ታዲያ መርከቧ ብትሰምጥ ማን ይመጣል?» አለች።

«ሄሊኮፕተሩ ከሎንግየርቢየን ይነሳል» አልኳት። «በቅርብ ያለው ጀልባ የሩሲያውያኑ ከሆነ ግን እነሱ ይቀድማሉ።»

«ይጠሯቸዋል?»

«ይጠሯቸዋል፣ እማዬ።»